ብርድ ልብስ የለበሰ ወይን ጠጅ

ወይን ጠጅ ወዳድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትልቅ ሆቴል ውስጥ እግሩን አነባብሮ የተቀመጠ ባለጸጋ ነው። የሰፈራችን ወይን ወዳድ ግን ወርቅአገኘሁ ነው። ደብረ ብርሃን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ይጠብቃል። ዕድሜው ሃምሳ ሰባት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ካፖርቱን በጋቢው ላይ ይደርባል፤ በወር አንድ ጠርሙስ ወይን ይገዛል። ከአንድ አልፎ አያውቅም። ያችን አንዲት ጠርሙስ ለመምረጥ ግን ሌላ ሰው በሬ ለመግዛት ከሚፈጅበት የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል።

ጎረቤቱ ስለሆንኩ ብዙ ጊዜ አብሬው ሄጄ አይቻለሁ። ሱቅ እንደገባ ዋጋ አይጠይቅም። መጀመሪያ የሚያየው መስኮቱን ነው።

«ፀሐይ የሚያገኘው ጠርሙስ አይገዛም» ይለኛል። «ባለሱቁ ለማሳመሪያ ደርድሮት ዓመት ሙሉ ሲቀቀል የከረመ ነው።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከጨለማው ጥግ፣ አቧራ የለበሰውን ያወጣል። ብርሃን ላይ አንሥቶ የወይኑን ልክ ከጎኑ ካለው ጠርሙስ ጋር ያስተያያል፤ ቡሹ አካባቢ የደረቀ ጠብታ ካየ ይመልሰዋል። ይህን ሁሉ ጨርሶ ነው የባለሱቁን ጤና የሚጠይቀው። ባለሱቁም ስለለመደው አይቀየምም። «ጋሽ ወርቅአገኘሁ ሲመጣ እኔ ምሳዬን እበላለሁ» ይላል።

ይህን ዕውቀት ማንም አላስተማረውም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት መንገድ ዳር ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ስለ ወይን ጠጅ አመራረጥና አጠጣጥ የሚያትት አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘ። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለሌሉት የጻፈውን ሰው ስም እስከ ዛሬ አያውቀውም፤ ግን ሲጸልይ «ያን ሰው አስበው» ይላል። በመዝገበ ቃላት እየታገዘ አንብቦ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀበት። ከዚያም የራሱን ደብተር ጀመረ። ደብተሩን አሳይቶኛል። የመጀመሪያው ጉንጭ አይቆጠርም፣ ምላስ ገና ቀኑን የዋለበት ነገር ላይ ነው፣ ፍርድ በሁለተኛው ነው ይላል። ደረቁ ቀይ ለጥብስ ነው፤ ዶሮ ወጥ አጠገብ ከቀረበ ከበርበሬው ጋር ይጣላልና ለዶሮ ጣፋጩ ይሻላል። ነጩን ከገብስ ቆሎ ጋር በቀመሰበት ቀን «ተመስገን» ብሎ ብቻ ነው የጻፈው። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «አንድ ጠርሙስ ለአራት ሰው ነው። ለአንድ ሰው ከሆነ ወይን መሆኑ ይቀራል።»

በእርግጥም ብቻውን ሲጠጣ አይቼው አላውቅም። በወር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ባለቤቱ እታፈራሁ፣ እኔ፣ እሱና ሰላም አንዲቷን ጠርሙስ ለአራት እንካፈላለን።

ሰላም የወንድሙ ልጅ ናት። እናቷ በወሊድ ዐረፈች። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልሎ ለወርቅአገኘሁና ለእታፈራሁ ሰጣቸው፤ ሰባት ዓመት ሲሞላት እሱም ሞተ። እነሱ የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። ስምንት ዓመቷ እያለ እሑድ እሑድ በትንሽዬ ብርጭቆ የወይን ጭማቂ ይቀዳላት ነበር፤ አንድ ቀን «ጋሼ፣ የእናንተው መቼ ነው የሚሰጠኝ?» ብላ ጠየቀችው። «ስትዳሪ» አላት። «ያን ቀን ለእንግዳው ሁሉ ወይኑን የምመርጠው እኔ ነኝ።» ልጅቷ ያን አልረሳችም። እሱማ እንዴት ይረሳዋል። ሌላ ሰው ልጁን ሲድር መኪና ይሰጣል፣ ቤት ያድሳል። ወርቅአገኘሁ ያለው ሃያ ዓመት በደብተር ያጠራቀመው ምርጫ ነው።

ሰላም አምና ነርስ ሆነች፤ ዘንድሮ ደግሞ ናትናኤል የሚባል የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ አጫት። ሠርጉ በጥር፣ ከቃና ዘገሊላ በኋላ ባለው እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ። ወርቅአገኘሁ ቀኑን ሲሰማ ፈገግ አለ። ጌታችን ሠርግ ቤት ውስጥ ወይን ያበዛበት በዓል አልፎ በሳምንቱ የሚደረግ ሠርግ ወይን እንዴት ያጣል ብሎ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የማኅበር ተራው ደረሰ። የእኛ ማኅበር የሚካኤል ነው፤ በየወሩ ዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ለወርቅአገኘሁ የደረሰው ኅዳር ሚካኤል ነበር። ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው፣ እንደ ወጉ የእታፈራሁ ጠላ በጽዋው ከዞረና ጥብሱ ከቀረበ በኋላ፣ ወርቅአገኘሁ ከጓዳ አራት ጠርሙስ ደረቅ ቀይ ወይን ይዞ ወጣ። ለሠርጉ የመረጠው እሱን ነበር። ስድስት ጠርሙስ ያለበት አንድ ካርቶን ገዝቶ፣ መጽሐፉ «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቅረብ» ስለሚል፣ በድንጋይ ግድግዳው ጥግ ሦስት ሳምንት አስቀምጦታል። ትእዛዙን ስንዝር አላጎደለም።

ቀዳልን። ሁላችንም ተጎነጨን።

የማኅበራችን መሪ፣ እኛ እንደ ወጉ ሙሴ የምንላቸው፣ አቶ ዘርአ ዳዊት ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የጠጅ አዋቂ ናቸው። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት፤ ደግመው ቀመሱት፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ወርቅአገኘሁ» አሉ።

«አቤት።»

«ይህ የሚጠጣ ነው የሚጉመጠመጡት?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከጥጉ አንዱ «ጥርሴን ሲያመኝ መጥቼ እወስዳለሁ» አለ። እኔም እውነቱን ልናገር፤ አፌን እንደ ጥሬ እንኮይ አጨማደደው። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፣ ብቻ ድርቅ ያለ ነገር። ወርቅአገኘሁ አብሮን ሳቀ፤ ግን የራሱን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አሸተተና ሦስቱንም ጊዜ ግንባሩን ቋጠረ። በሱቅ ናሙናውን ግንቦት ላይ ሲቀምሰው እንዲህ አልነበረም።

እታፈራሁ ሞልተው የቀሩትን ብርጭቆዎች ሰበሰበች። እንግዳው ሲሄድ ቁርጡን ነገረችው።

«ሠርጉ በጠጅ ነው።»

«እታፈራሁ …»

«ሦስት መቶ ሰው ፊት ልጄን አላስቅባትም። ሙሴ የተናገሩትን ሰምተሃል፤ ነገ ገበያው ሁሉ ይሰማዋል።»

ሰላም ዕቃ እያጠበች ነበር። «እማዬ፣ ለጋሼ አንድ ዕድል ስጪው» አለች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም።

እታፈራሁ ጥቂት አሰበች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ድግስ የምትፈራ ሴት ናት። «እሺ» አለች። «ገና በዋለ በማግሥቱ ናትናኤልና ወላጆቹ ስለ ድግሱ ሊመካከሩ ይመጣሉ፤ ሙሴም ይኖራሉ። የተረፉህን ሁለት ጠርሙሶች ያን ቀን አቅርብ። ብርጭቆው እንደዛሬው ሞልቶ ከተመለሰ ግን የወይን ነገር ዳግመኛ እንዳይነሣብኝ። እስከዚያው አሊዩ አምባ ውረድና ለጠጁ ማር ግዛልኝ።»

በራሱ ወይን ቦታ ለሚገባው ጠጅ ማር እንዲገዛ ተላከ ማለት ነው። አላጉረመረመም። «እሷም እኮ ስለ ልጇ ነው» አለኝ።

የገናው ጾም ከገባ በኋላ፣ በገበያ ቀን አብሬው ወረድኩ። ከደብረ ብርሃን ስንነሣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ አንኮበር ላይ ጉም ውስጥ ገባን፤ ቁልቁለቱን ስንጀምር እሱ ካፖርቱን አወለቀ፣ ቀጥሎ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ሹራቡን። አሊዩ አምባ ስንደርስ በሸሚዝ ነበርን።

ሸሪፍ ማር ነጋዴ ነው። ከወርቅአገኘሁ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ አባቶቻቸውም ደንበኞች ነበሩ። እንደደረስን ባለቤቱ አሲያ ሽሮ አቀረበች። ጾም መሆኑ በጀን፤ ሥጋ ስለማይነሣ የማን ቢላ ነው የሚባል ነገር የለም፣ ሦስታችንም ከአንድ ትሪ በላን። ሸሪፍ «ወላሂ፣ እናንተ ዓመቱን ሙሉ ብትጾሙ አብረን እንደበላን እንኖር ነበር» አለ።

ከምሳ በኋላ ሸሪፍ አንድ ጣሳ ማር አምጥቶ ፊታችን አስቀመጠ።

«ይህን ተመልከት፣ ወርቄ። ያንተው አገር ሰው ነው የመለሰው። ደብረ ብርሃን ወስዶ ቀመሰውና ‹ሽታ የለውም፣ ስኳር ነው የሸጥክልኝ› ብሎ በሳምንቱ ላከልኝ።»

«ምን አልከው?»

«ምን እለዋለሁ። ብሩን መለስኩለት። ሰው ሲበርደው አይሰማም።»

ጣሳው ውስጥ ያለው ማር እንደ ሞራ ረግቷል። ወርቅአገኘሁ አሸተተው። ምንም አልሸተተውም። ሸሪፍ ጣሳውን ወስዶ በሩ አጠገብ፣ የሞቀው ድንጋይ ላይ አኖረውና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። እኛ ስለ ሠርጉ ስናወራ ቆየን፤ ወርቅአገኘሁም የኅዳር ሚካኤልን ነገር፣ ሙሴ ያሉትን ሳይቀር፣ ለአሲያ ነገራት። እሷ እየሳቀች ሳለ የሆነ ሽታ መጣ። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ቀጥሎ ሱቁን ሞላው። የግራር አበባ፣ ዝናብ የመታው ሣር። ከየት እንደመጣች ያልታወቀች አንዲት ንብ ጣሳው ላይ መዞር ጀመረች።

ሸሪፍ ከሚዛኑ ላይ ቀና አለ። «የተመለሰው ማር ነው» አለ። «ማር ሲበርደው ይተኛል። ሽታውም አብሮት ይተኛል። ቆላ ገዝተው ደጋ ይቀምሱታል፤ ከዚያ ማሩ ተለወጠ ይላሉ። የተለወጠው ቤቱ ነው እንጂ ማሩ አይደለም።»

ወርቅአገኘሁ ጣሳውን አየው። እኔን አየኝ። ከዚያ ከዱካው ብድግ ብሎ ቆመ።

«የማን ክፍል?» አለ።

«ምን?» አለ ሸሪፍ።

«መጽሐፉ በክፍል ሙቀት ይላል። የማን ክፍል እንደሆነ አይናገርም። እኔ ቤት እኮ በኅዳር ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ ጋቢ ይለብሳል።»

ሸሪፍ ወደ እኔ ዞረ። «ፀሐይ መታው እንዴ?» አለኝ።

ነገሩን ስናስረዳው ረጅም ጊዜ ሳቀ። «እኔ ያን ነገር በሕይወቴ አልቀመስኩም፣ አልቀምስምም» አለ፤ «ግን ብርድ የሁሉም ጠላት ነው። ልጃችንን ስትድሩ እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ። ያን ጊዜ ትነግረኛለህ።» ያን የተመለሰ ማርም በነጻ ሰጠው።

ወደ ላይ ስንመለስ በየመታጠፊያው ሹራብ፣ ጋቢ፣ ካፖርት እየደረብን ነበር። ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ ወርቅአገኘሁ «ሃያ ዓመት» አለ። «ሃያ ዓመት ከወር ወር ጣዕሙ የሚለያየው ከእኔ አፍ ይመስለኝ ነበር።» አዝኖ አልነበረም። የጠፋበትን ዕቃ ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።

ችግሩ ጾም መሆኑ ነበር። ወርቅአገኘሁ በጾም ወይን በከንፈሩ አይነካም። ስለዚህ ሐሳቡ ትክክል ይሁን አይሁን መሞከር አልቻለም። ገና ሲውል አንዱን ልክፈት ቢል እታፈራሁ «ያለህ ሁለት ነው፣ ከእኛ ጋር ጠጪው ስምንት ነው፣ ቁጠር» አለችው። በራሱ ደብተር አንድ ጠርሙስ ለአራት ሰው ነውና ጠርሙሱን መልሶ አኖረው። እንግዲህ የሰላምን ወይን አሙቆ ሳይቀምስ፣ በአንድ ጣሳ ማር ላይ በተመሠረተ እምነት፣ ዳኞቹ ፊት ሊያቀርብ ነው።

በዓሉ በዋለ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ብቅ ስል ጓዳ ውስጥ አገኘሁት። ሁለቱ ጠርሙሶች ባልዲ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ላይ ቆመዋል፤ እሱ አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀምጧል። ከሰላም የተዋሰው ቴርሞሜትር የሰው ትኩሳት ብቻ የሚያነብ ሆኖ አስቸግሮታል።

«ይኸው ዕይልኝ» አለችኝ እታፈራሁ። «ጡጦ እያሞቀ ነው።»

ወርቅአገኘሁ ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«ጡጦ። የሰላምን ወተት እንዲህ በባልዲ አልነበር የምታሞቀው? እኔ ስለካው ‹ያቃጥላታል› እያልክ ትነጥቀኝ ነበር።»

ወርቅአገኘሁ ቴርሞሜትሩን ኪሱ ከተተው። አንዱን ጠርሙስ ከፈተ። አልቀመሰውም፤ ጠርሙሱን ዘንበል አድርጎ ከእጁ ጀርባ ላይ አንድ ጠብታ ጣለ።

«እጄን ካላስደነገጠው ልክ ነው» አለ። «ወተቱ ከዚህ ሞቅ ይል ነበር።»

ከዚያ ከፋብሪካው ለሃያ አምስት ዓመት አገልግሎቱ የተሰጠውን፣ እታፈራሁ ለክብር ቀን ያስቀመጠችውን ብርድ ልብስ ከሣጥን አወጣና፣ የተከፈተውን በቡሹ መልሶ ወትፎ፣ ሁለቱን ጠርሙሶች ጠቅልሎ አልጋው ላይ አስተኛቸው። እታፈራሁ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እንግዶቹ በሩ ላይ ስለደረሱ መልሳ ዘጋችው።

ሰዎቹ ተቀመጡ፤ ጥብሱ ቀረበ። ስለ ዳሱ፣ ስለ ሚዜው፣ ስለ እንግዳው ብዛት ተነጋገሩ። ጊዜው ሲደርስ ወርቅአገኘሁ ቀዳ። ሰላም ከእታፈራሁ ጎን ቆማ ብርጭቆዎቹን ታያለች።

አቶ ዘርአ ዳዊት ቀድመው አሸተቱ። ተጎነጩ። ሁለተኛ ተጎነጩ።

«ወርቅአገኘሁ።»

«አቤት።»

«ያ የሚጉመጠመጡት የት ደረሰ?»

«ይኸው ነው።»

«አይደለም።»

«ከአንድ ካርቶን የወጣ ነው፣ ሙሴ።»

«እንግዲያ የተለወጥኩት እኔ ነኛ።»

«እርስዎም አልተለወጡም። በኅዳር ወይኑን በርዶት ነበር።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ይህ ሁሉ ሰው ጋቢ ለብሶ ሲቀመጥ ለሱ ምን አለበት ብትደርብለት ኖሮ?»

«ዛሬ ደርቤለታለሁ» አለና ከአልጋው ላይ ብርድ ልብሱን አንሥቶ አሳያቸው።

የናትናኤል አባት ሲስቁ ትን አላቸው። ከጅማ መጥተው እዚህ የከረሙ ሰው ናቸው፤ «ደብረ ብርሃን ከመጣሁ ጀምሮ እኔንም የሚያስፈልገኝ ይኸው ነበር» አሉ። እኔም ተጎነጨሁ። እንደ ማሩ ነበር፤ የተኛው ተነሥቷል። የበሰለ ፍሬ ይሸታል፣ ድርቀቱም ከጥብሱ ጋር ታርቋል። ወርቅአገኘሁ የመጨረሻ ሆኖ የራሱን አነሣ። የመጀመሪያውን ጉንጭ አልቆጠረውም። ሁለተኛውን ቀምሶ ወደ ጣሪያው ቀና አለ፤ ከንፈሩ «ተመስገን» እንዳለ አውቃለሁ።

እታፈራሁ ብርጭቆዎቹን ልትሰበስብ ተነሣች። አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም ባዶ ነበሩ። ትሪውን ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆመች።

«ለሦስት መቶ ሰው ስንት ጠርሙስ ይፈልጋል?» አለች።

«ሰባ አምስት» አለ ወርቅአገኘሁ፤ ቁጥሩን አፉ ላይ አዘጋጅቶ የቆየ ይመስል።

«ጠጁም አይቀርም።»

«አይቅር።»

በሠርጉ ቀን ከዳሱ ጀርባ ሁለት በርሜል ለብ ያለ ውሃ ቆመ፤ የሰፈሩ ሰው ብርድ ልብሱን ሁሉ አዋጣ። አላፊ አግዳሚው ሕሙማን የተኙበት እየመሰለው ይጠይቅ ነበር። ሸሪፍና አሲያ ከአሊዩ አምባ መጡ፤ ለሙስሊም እንግዶች በተለየው ቤት፣ በራሳቸው ሰው የታረደው ምሳ ቀረበላቸው፤ እታፈራሁ ደግሞ ከዚያው ከተመለሰው ማር ብርዝ በጥብጣ አቆየችላቸው። ሸሪፍ ወደ በርሜሎቹ ሄዶ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገና ተመለሰ።

«ተነሣልህ?» አለው ወርቅአገኘሁን።

«ተነሣ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ብርዙን ጠጣ።

ሙሽሮቹ ገብተው እንደተቀመጡ ወርቅአገኘሁ አንድ ጠርሙስ ራሱ ይዞ ወጣ። ሰላም ፊት ሲደርስ ሦስት መቶ ሰው እያየው ጠርሙሱን ዘንበል አድርጎ ከእጁ ጀርባ ላይ አንድ ጠብታ ጣለ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?» አለችው ሰላም በሹክሹክታ።

«እየለካሁ ነዋ።»

«ወተት መሰለህ?»

«ዝም ብለሽ ጠጪ። ‹የእናንተው መቼ ነው› ስትዪ አልነበር?»

ካደገች ወዲህ በየወሩ ከኛ ጋር ስትቀምስ የኖረችውን ልጅ እንዲህ ማለቱ አሣቃት። ግን ብርጭቆዋን በሁለት እጅዋ፣ እንደ ሕፃንነቷ፣ ያዘች። ቀዳላት። ጠጣች፤ ደገመች፤ ባዶውን መለሰችለት።